ቂብላና ምሥራቅ መሃል የቆመው ቤት

እትዬ ዙሀራ፣ ባለፈው ሐምሌ ወንድምሽ ይመር ቶሮንቶ ከተማ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደተቀመጠ፣ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳያስቀምጥ፣ አንድ ሙሉ ቤት ከነጣሪያው ከነደረጃው አንስቶ ሌላ ቦታ አሳረፈው። ቤቱ የነበረውም እዚህ አይደለም፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ወዲያ፣ ኢንዶኔዥያ በሚባል አገር፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ነው። እሺ፣ ልክ ልኩን እንናገር ከተባለ፣ ያነሱት ሰማንያ የሚሆኑ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። የኔ ድርሻ በስልክ አንዲት ቃል መጮህ ነበር፤ እሷም ስህተት ሆና ተገኘች። የሻዩ ነገር ግን እውነት ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ጉራ መግባቴን ይቅር በይኝ። አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ከገበያ ስትመለሺ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ትወጪዋለሽ ወይስ አሁንም ከሾላው ሥር አረፍ ትያለሽ? ጠዋት ጠዋት የሚያለቅሰው ግራ ዓይንሽ ተሻለው? የባልሽ የእንድሪስ ሳልስ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ማሽላውን ወፍ ቀደማችሁ ወይስ እናንተ ወፉን ቀደማችሁት? መንገዱስ ሰላም ነው? የኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ወገቤ በረዶ ሊጥል ሲል አንድ ቀን አስቀድሞ ይነግረኛል፤ የቀረው አካሌ ዝም ብሎ ይሠራል፣ አልሐምዱሊላህ።

ይህንን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ እጄ ነው። ሀጂራ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና እዚህ ላይ ቆም በይና ወረቀቱን ለእናትሽ አሳዪልኝ። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ባይቆሙም እንዳልወደቁ ትይ። የምኖርበት ሰፈር ክሬሰንት ታውን ይባላል፤ ከሕንፃችን ሥር ባለው የስብሰባ ክፍል ሰኞና ረቡዕ ማታ ማታ ወይዘሮ የኔነሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስተምራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ስሜን እሥል ነበር እንጂ አልጽፍም ነበር። አሁን በስልሳ አራት ዓመቴ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ተማሪዎቹ ሦስት ነን፤ አንዷ በሕመም ምክንያት ፈተናውን አልተፈተነችም። ወይዘሮ የኔነሽ ደብዳቤ ልጻፍ ነው ስላቸው፣ «አቶ ይመር፣ በሉ ጉራዎን ለወረቀቱ ያካፍሉትና እኛን ትንሽ ያሳርፉን» አሉኝ። ይኸው እያካፈልኩት ነው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ሀጂራ በስልክ የነገረችኝ መስመሩ እየተቆራረጠም ቢሆን ደርሶኛል። ከአባታችን የደረሰኝ የወንዝ ዳሩ ማሳ እስከ ዛሬ በኔ ስም መሆኑን፣ የቀበሌው የመሬት ሰዎች ደብተሩን እያደሱ መሆናቸውን፣ እስከ ጥር ድረስ ባለይዞታው ራሱ ይቅረብ ወይም ለዘመዱ በስጦታ ያስተላልፍ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሀጂራ ልታገባ መሆኑንም ሰምቻለሁ፤ አላህ ይባርክላት። አንቺም ከኋላዋ ሆነሽ «ቁርጡን ይንገረን፤ ይመጣል ወይስ ለልጄ ይሁን?» ስትይ ድምፅሽን ለይቼዋለሁ። መልሱን እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ግን መልሴ ከየት እንደመጣ እንድታውቂ መጀመሪያ የሩስሊን ነገር ልንገርሽ።

ሩስሊ ኢንዶኔዥያዊ ነው፣ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ሱላዌሲ ከምትባል ደሴት፣ ቡጊስ ከሚባል ሕዝብ ነው የተወለደው። ዘመዶቹ ዳዔንግ ሩስሊ ይሉታል፤ ዳዔንግ ማለት እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። የሆቴል አንሶላ አንድ ሰው አያጥፈውም። አንዱ ጫፉን ይዞ እዚያ፣ ሌላው እዚህ ይቆማል። ትወጥሩታላችሁ፣ ታራግፉታላችሁ፣ ከዚያ ወደ መሃል እየተራመዳችሁ ትገናኙና ጫፍ ከጫፍ ትረካከባላችሁ፤ ደግሞ ተመልሳችሁ ትራራቃላችሁ። በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ከሩስሊ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኝቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር በአራት ዓመት ትዳር ያን ያህል አልተያየንም፤ ጥላኝ የሄደችውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ጎዶሎ ነው፤ ግን ጎዶሎው የተለያየ ቦታ ስለሆነ ተጋግዘን አንድ ሙሉ ሰው እናክላለን። እሱ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ አሥራ ስድስተኛ ነበርን። ዓርብ ዓርብ በእግረኛው ድልድይ ወደ ባቡር ጣቢያው ተሻግረን፣ ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ላይ ባለው መስጊድ አብረን እንሰግዳለን። ባለቤቱ ከሞተች በኋላ ደግሞ እራቱን ብቻውን መብላት ስላልሆነለት እኔ ነኝ የማባላው፤ ለሱ ብዬ ነው። ከእራት በኋላ ስልኩን ከውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ መንደሩን ያሳየኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ያችን መንደር ከራሱ እኩል አወቅኋት።

መንደሯ ከእኛ ቀበሌ ታንሳለች፤ መቶ ቤት ቢሆን ነው። ቤቶቹ በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ የማሽላ መጠበቂያ ማማ አድርገሽ አስቢው፣ ማማው ግን ሳሎንና መጋረጃ አለው። ከሥሩ ዶሮ፣ ሞተር ሳይክልና የተሰጣ ልብስ አለ። ከጀርባ የሩዝ ማሳ ነው፤ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድገው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል። ድሮ በጎሽ ያርሱ ነበር፣ ዛሬ እንደ ጋሪ በእጅ በሚገፋ ሞተር ነው። የጎረቤት እርሻ ሲደርስ ተጠራርተው ይሄዳሉ፣ ልክ እንደ እኛ ደቦ። ወጣቶቹ ግን ወደ ከተማና ወደ ወደብ እየሄዱ ሽማግሌውና አሮጊቷ ናቸው የቀሩት። ይህንንም ልክ እንደ እኛ በይው።

መሬቱን በተመለከተ እንደ አንድ ዐዋቂ ላስረዳሽ። አስፋልት ከገባ ወዲህ ከከተማ የሚመጡ ነጋዴዎች የመንገድ ዳሩን ለሱቅ ይሻሙበታል፤ ዋጋው በየዓመቱ ይወጣል። ከጀርባ ያለውን የሩዝ ማሳ ግን ማንም አይጠይቅም። መንግሥትም እየለካ ለየሰዉ ደብተር ሰጥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ እዚያም የወረቀት ነገር እንዲሁ ነው። የውጭ ዜጋ መሬትን የራሱ አድርጎ መያዝ አይፈቀድለትም። ሩስሊ ደግሞ ለባለቤቱ ሕክምና ሲል የካናዳ ዜግነት ሲወስድ የራሱን አገር ዜግነት አጣ፤ ድርሻውም ወደ ታናሽ እህቱ ስም ዞረ። አልተጣሉም። ግን ስለዚያ ማሳ ሲያወራ «መሬቴ» ብሎ ይጀምርና «የእህቴ መሬት» ብሎ ይጨርሳል።

አሁን የሚገርምሽን ልንገርሽ። እዚያ አገር ቤትና መሬት ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ናቸው። መሬት ሲሸጥ ቤት አብሮ አይሸጥም፤ ባለቤቱ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። መሬቱ የእህትየው ቢሆንም፣ አባታቸው የሠራው የእንጨት ቤት የሩስሊ ነው። እህትየው የመንገድ ዳሩን ለአንድ ነጋዴ ለመሸጥ ተስማማችና፣ «ዳዔንግ፣ ቤትህን ወደ ሩዙ ማሳ ዳር እንውሰድልህ፤ አንተም ሥራ አቁመሃል፣ ና ኑርበት» ብላ ደወለችለት። ሩስሊ አንድ ሳምንት አልተኛም። በስምንተኛው ቀን «ይመር፣ እሄዳለሁ» አለኝ።

ቤቱ የተነሳበትን ቀን አየሁት፤ እዚያ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ እኛ ዘንድ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ነበር፤ የበጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የእህትየው ልጅ ስልኩን ይዞ ያሳየናል። ዕቃውን አስቀድመው አውጥተዋል፤ መጋረጃዎቹን ግን ረስተዋቸው መስኮቱ ላይ ይውለበለባሉ። ረጃጅም ቀርከሃ ከምሰሶዎቹ ጋር አጋድመው አስረዋል። ቤታቸው እንብርት አለው፣ ታምኚያለሽ? መሃል ያለውን ምሰሶ የቤቱ እንብርት ይሉታል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እሱ ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በዓይኔ አየሁት፤ ሽማግሌው ሲቆጥሩ ሰማንያው ሰው አንዴ ተነሳ፣ ቤቱም እግር አውጥቶ ሄደ። መንገድ ላይ አንዲት ድመት በመስኮት ብቅ ብላ አገሩን አየችና ተመልሳ ገባች። ሩስሊ ማልቀስ ስለጀመረ ስልኩን እኔ ያዝኩለት።

እንግዲህ የኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቦታ ሲደርሱ የእህትየው ልጅ «ደረጃው ወዴት ይዙር?» ብሎ ጠየቀ። ሩስሊ በእንባው መሃል «ወደ ቂብላ፣ ወደ ስግደቱ አቅጣጫ» አለ። እኔ ልረዳ ብዬ፣ ከሱ የተማርኩትን የነሱን ቋንቋ ላሳይም ብዬ፣ «ቲሙር፣ ቲሙር» ብዬ ጮህኩ። ቲሙር ማለት ምሥራቅ ነው። ምክንያቱም በሩስሊ ሳሎን ቂብላው በመስኮቱ በኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይም የምትገባው በዚያው መስኮት ነው። ስንት ዓመት እዚያ ስንሰግድ ኖረን ቂብላና የፀሐይ መውጫ አንድ ነገር ሆነውብናል። ሩስሊም ራሱን ነቅንቆ «አዎ፣ ቲሙር» ብሎ አጸናልኝ። እዚያ አገር ግን ካዕባ ያለው በፀሐይ መጥለቂያ በኩል ነው።

የፊተኞቹ ተሸካሚዎች ቂብላ የሚለውን ሰምተው ወደ ምዕራብ፣ የኋለኞቹ ቲሙር የሚለውን ሰምተው ወደ ምሥራቅ ጎተቱ። ቤቱ ሁለት ሐሳብ እንደያዘ በሬ ክብ ዞረ። ሽማግሌው ሳቅ አፍኗቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ክንዳቸው ሲዝል ጊዜ ባለበት አሳረፉት፤ ደረጃው ወደ ቂብላም ወደ ምሥራቅም ሳይሆን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኮረብታው ዞሮ ቀረ። ሩስሊ «ሌላ ዓርብ እናዙረው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ዳዔንግ፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው፤ እንብላ» አሉት። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ከኋላ «እንግዳ ከሆነ በሩን ፈልጎ ያገኘዋል» አለች፤ ሩስሊ ይህንን ተርጉሞልኝ ብዙ ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ግን አባቱ ወዴት ዞሮ ይሰግድ እንደነበር እንደረሳ ነገረኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የአባታችንን ሞከርኩት። ከደጃችን ወጥቶ፣ የወንዙን ድምፅ በግራ ጆሮው አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ወደ ተራራው ሰጥቶ ሲቆም አየሁት። ልክ ነኝ አይደል? ልክ ካልሆንኩ አትንገሪኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሩስሊ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ «ይመር፣ ቤቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ያንተ ነው» ያለኝ። ክፍሏን በስልክ አይቻታለሁ። ጠባብ ናት፣ ወለሉ ጣውላ ነው፣ መስኮቷ ሩዙን ታያለች። አንድ አልጋና አንድ ወንበር ትይዛለች፤ ለአንድ ሰው ከዚያ በላይ ምን ያደርግለታል? የውጭ ዜጋ መሬት አይይዝም እንጂ ወንበር መያዝ አልተከለከለም። ጠዋት በደረጃው ወርጄ ዶሮዎቹን አባርራለሁ፤ ቤቱን እያሳየሁ «በስልክ ያዞርኩት እኔ ነኝ» እላለሁ።

ዳንፎርዝ ላይ የታክሲ ነጂዎች በሚሰበሰቡበት ቤት ይህንኑ ሳወራ ሃብታሙ ይሰማኛል። ሃብታሙ የደሴ ልጅ ነው፤ እናቱን ሊጠይቅ ስለሚመጣ ይህንን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እሱ ነው። «ጋሽ ይመር፣ ባለፈው ዓርብ ባለ ክፍል ነበሩ፤ ዛሬ ባለ ማሳ ሆኑ፤ የሚመጣው ዓርብ ደሴቷን ይረከባሉ» ብሎ አሳቀብኝ። አንዱ ደግሞ የባሕር ዳር ቦታ እንድይዝለት በእውነት የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ሃብታሙ ቤትሽ ሲገባ ስለ እኔ ብዙ ያወራልሻል፤ ግማሹን እመኚው፣ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ሩስሊ መስከረም ላይ ሄደ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙ አላወራልሽም። አንድ ማታ እግሬ ለምዶ ሁለት ፎቅ ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። አሁን ከባንግላዴሽ የመጡ ባልና ሚስት ገብተውበታል፤ ሴትየዋ ልጅ ታቅፋ ከፈተችልኝ። ምን ልበል? ጨው አላችሁ ወይ አልኳት። በትልቅ ጣሳ ሞልታ ሰጠችኝ። ጨው ቤቴ ነበረኝ፤ አሁን የሁለት ዓመት ጨው አለኝ። የሚመልስልኝ ሰው ሳላገኝ የምውልበት ቀን አለ። ሊፍቱ በሴት ድምፅ ፎቁን ሲጠራ «እሺ» እላታለሁ። ፋብሪካውም እኔም ተሰነባብተናል፤ የራሴን አንሶላ የማጥፈው አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ነው። ይህን ለሰው ስነግር ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሩስሊ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ አሁን በየሁለት ሳምንት ሆኗል። ሩዝ እየተከሉ ነው፣ ሥራ በዝቶበታል፣ አልቀየምም። ባለፈው ሲደውል ከበስተጀርባው ሰው ይንጫጫል፤ እህቱ፣ የእህቱ ልጆች፣ ጎረቤቱ፣ ዶሮው። «ማን ነው?» ይሉታል፤ «ይመር ነው» ይላቸዋል፤ ሁሉም በአንድነት ስሜን ይጠራሉ። እዚያ መንደር ስሜን የማያውቅ የለም። እዚህ ሕንፃ ውስጥ አራት መቶ በር አለ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። የወንዝ ዳሩ ማሳ ለሀጂራ ይሁን። በስጦታ እንድታስተላልፊላት ውክልና አስጽፌ፣ አረጋግጬ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ከመፈረሜ በፊት ከላይ እስከ ታች ራሴ አነበብኩት፤ ጸሐፊው ቢቸኩልም አስጠበቅሁት። በሕይወቴ አንብቤ የፈረምኩት የመጀመሪያው ወረቀት መሬት የሰጠሁበት ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው። ለኔ አታስቡ፤ ሩስሊ የሰጠኝ ክፍል አለኝ፣ የወንዙ ዳር ቢቀርብኝ የሩዙ ዳር አይቀርብኝም።

ሀጂራ፣ ለአንቺ ደግሞ ምክር አለኝ፤ ድምፅሽን ሳትቀንሺ አንብቢው። ደብተሩ ላይ የራስሽ ስም በትክክል መግባቱን ቆመሽ እዪ፤ ከባልሽ ጋርም ከሆነ ሁለታችሁም ግቡ፣ አንዱ ለአንዱ ብሎ አይውጣ። የወንዙ ዳር ክረምት ክረምት ስለሚቦረቦር ቤቱን ከፍ ካለው ቋጥኝ በኩል ሥሩት። በሩ ወዴት እንደሚዞር ግን መጀመሪያ ተስማሙ፤ ከተስማማችሁ በኋላም ቶሮንቶ ደውላችሁ አትጠይቁ።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን አከፋፍሉልኝ። ለእንድሪስ ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን በማር ብቻ አይሸንግለው፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። ለልጅሽ ለጁነይድ ሰላም በይልኝ፤ ሞተር ሳይክሉን ሲነዳ ወንድምሽ ይመር ያልደፈረውን ፍጥነት እሱም አይድፈር። ለሚስቱና ለትንሿ ልጃቸው ለራውዳም ሰላም በይ፤ ስሜን መጥራት ከጀመረች እንዴት አድርጋ እንደምትጠራኝ ንገሩኝ። ለመስጊዱ ኢማም፣ ውሃ ስትቀጂ ለሚያግዙሽ ጎረቤቶችሽ፣ እናታችንን ለቀበሩልን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሀጂራ፣ አንብበሽ ስለደከመሽ ለአንቺ ሰላምታዬ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሙሽራውም በሩቅ አገር አጎት እንዳለው ይወቅ።

ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከትቼ ነበር፤ መልሼ አወጣሁት። ወይዘሮ የኔነሽ የተሳሳተ ነገር ሲኖር በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትቅደዱት ይላሉ። ልሰርዘው ብዕሩን አስጠጋሁ፣ ግን እሱን ከሰረዝኩ መልሴ የቆመበት ይጠፋል። ስለዚህ ከሥር እጽፈዋለሁ። እትዬ፣ ቤቱ ያለምንም ቅጥፈት እንደነገርኩሽ ተነሥቷል። ድመቷም ነበረች። ጨዉም አለ። ሩስሊ «ቤቱ ሁለት ክፍል አለው» ብሎኛል፤ ይህም እውነት ነው። «አንዱ ያንተ ነው» የሚለውን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። እሱ አላለም። እስኪለው ጠብቄዋለሁ፤ ያን ማታ ጠበቅሁት፣ ሻንጣውን ሳስርለት ጠበቅሁት፣ አውሮፕላን ማረፊያም እስከ መጨረሻው በር ድረስ ጠበቅሁት። እጄን ጨብጦ «ራስህን ጠብቅ» ብሎኝ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መሬቱ የእህቱ ነው፣ በሰው መሬት ላይ እንግዳ እንዴት ይጋብዛል?

ማሳውን ከሀጂራ አልመልስም፤ የፈረምኩትን ፈርሜያለሁ። አንቺ ግን በስልክ «ይመጣል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ እንጂ «ና» አላልሽኝም። እናታችንን ለመቅበር ያልደረስኩ ሰው ስለሆንኩ አልፈርድብሽም። እንዲያው ብትይው ደግሞ ማሳ አልፈልግበትም፤ ከሀጂራ ቤት ቀድሞ በዚያ ደጅ የነበረ ሰው ነኝ፣ አንድ ጥግ ይበቃኛል። ካልሽው ሀጂራ ትጻፈው። አንዲት ፊደል ናት።

ወንድምሽ ይመር
ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.